ለበልግ ዝናብ እንድንደርስ፦ የአንኮበር የቅርስ ቤት የድጋፍ ጥሪ

ውድ የአንኮበር ልጆችና ወዳጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ነሐሴ ላይ የደረሰብንን ሰምታችኋል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ሊነጋ ሲል ንፋሱ የቅርስ ቤታችንን ጣራ ገንጥሎ ጣለው። ሮጠን ስንደርስ ከአልዩ አምባ በአደራ የተሰጠን የቆዳ ጋሻ ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉት። «የአባቴ ነው እኮ» አሉን። ምን እንበላቸው? ጋሻው ዛሬም ሰው ቤት ቆጥ ላይ ነው። የቀረው ዕቃ በየጎረቤቱ ተበትኗል።

የአንኮበርን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞች በ1833 ዓ.ም. ክረምት ከታጁራ ተነስተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት ይህንን ዳገት ወጥተው ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ሲይዙም የተቀመጡት እዚሁ ነው። ከዚያ ሁሉ በኮረብታው ላይ የቀረን ጥቂት ግንብ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ያያል፣ ጭላዳውን ፎቶ ያነሳል። በከተማችን ስም የተጠራችውን ትንሽ ወፍ፣ አንኮበር ሴሪንን፣ ፍለጋ ባሕር አቋርጦ የሚመጣም አለ። ግን ግንቡን አይቶ «ሌላስ ምን አላችሁ?» ሲለን አንገታችንን እንደፋ ነበር። ቤቱን የሠራነው ለዚህ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከየጓዳው አውጥቶ ሰጠን።

«ያዋጣነው የት ገባ?» የምትሉን አላችሁ። መጠየቃችሁ መብታችሁ ነው። መሠረቱ፣ የድንጋይ ግድግዳው፣ በሩ፣ ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ደረጃ፣ ሁሉም በእናንተ ብር ተሠርቷል፤ ዛሬም አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ሲሚንቶ ሲወደድ ለጣራው የተረፈን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ስሱን፣ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ገዛን፣ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ መታነው። ያ ስህተት የእኛ ነው። ለኮሚቴው አበል ግን አንድ ብር አልወጣም። ደረሰኙ በሙሉ በፋይል ተቀምጧል፤ የፈለገ መጥቶ ይይ።

አሁን የሚያስፈልገን ወፍራሙ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ የደረቀ ሞራሌና የአናጺ ዋጋ ነው። መስከረም ላይ መዋጮው ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ቆሟል። ደክሞናል፣ አንዋሽም። የአገራችንን በልግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የካቲት ላይ ከጀመረ ግድግዳውም አይተርፍልንም። ቃል የገባችሁ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ቃላችሁን አድርሱልን። የሰው አደራ በእጃችን ነው።

የባንክ ሒሳቡ ቁጥር ማኅተም ባለበት ደብዳቤያችን ላይ አለ። ደብዳቤው ያልደረሳችሁ በየአካባቢያችሁ ካለው ተወካያችን ውሰዱ። ስታስገቡ «ለጣራ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ደረሰኙንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። በአሜሪካና በዓረብ አገር ያላችሁም በዚያው ቁጥር በባንክ ላኩ፤ በሰው እጅ አትላኩ።

ደግመን እንለምናችኋለን፦ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው። በግለሰብ ስም የተከፈተ ቁጥር ከደረሳችሁ የእኛ አይደለም፤ እንዳታስገቡ። «ለጣራ» የሚለውን አትርሱ።

ቆርቆሮም ሆነ ሚስማር በዓይነት የምትሰጡ ደብረ ብርሃን ድረስ ብቻ አድርሱልን። ከዚያ ወዲህ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር እኛው ጭነን እናመጣዋለን።

የቅርስ ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ፣ አንኮበር