ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የሙያ ላይብረሪ ለኮምቦልቻና ለደሴ ሰልጣኞች፦ የድጋፍ ጥሪ

ያገር ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የምንጠይቃችሁን ከወዲሁ እንንገራችሁ። በኮምቦልቻና በደሴ ቴክኒክና ሙያ ለሚሰለጥኑ ልጆች ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዲጂታል ላይብረሪ እያዘጋጀን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ያገለገለ ስልክ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ጥቂት ገንዘብ ያስፈልገናል። ከሁሉም በላይ ግን የባለሙያ ሰዓት ያስፈልገናል። እኛ በሥራ ላይ ያለን ጥቂት አሰልጣኞች፣ የብየዳና የኤሌክትሪክ ሙያተኞች፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ወጣቶችም ነን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለንም።

የሙያ ስልጠናችን 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚል መርህ አለው። መርሁ ትክክል ነው። ተግባሩ ግን ማሽን ይፈልጋል። ብረት፣ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ሽቦ፣ ከዚያም የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱ ከተሞቻችን ሲያልፍ የወደመውንና የተዘረፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የወጣ ዕቃ በአንድ ዓመት አይመለስም። አንድ ማሽን ለብዙ ልጅ ሲሆን ደግሞ ተግባሩ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ብየዳን እንውሰድ። አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ይበይዳል። ዙሪያውን የቆመው ሰልጣኝ የሚያየው የአሰልጣኙን ትከሻና ብልጭታውን ነው። ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከማስኩ መስታወት በስተጀርባ ነው። ብረቱ የቀለጠው ምን ያህል ሰፍቶ ነው? ኤሌክትሮዱ ምን ያህል ዘንበል ብሏል? ከብረቱስ ምን ያህል ርቋል? ስላጉ (በቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ) ወደ ፊት ቀድሞ እየገባ ነው ወይስ ከኋላ እየቀረ ነው? ይህን ማየት የሚችለው ማስኩን ያጠለቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያለ ማስክ ያየ ሰልጣኝ ማታ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረው ያድራል።

በማጣሪያ መስታወት የተቀረጸ ቪዲዮ ግን የቀለጠውን ብረት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ክፍሉ በሙሉ ያያል። ቆም ይደረጋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀስ ይላል። ሰልጣኙ ተራው ደርሶ ማሽኑን ሲይዝ ምን መፈለግ እንዳለበት ቀድሞ ያውቃል። ቪዲዮ እጅን ይተካል እያልን አይደለም። ኤሌክትሮድ ያልጨበጠ ልጅ በያጅ አይሆንም። የምንለው፣ ያቺ አጭር የማሽን ተራ በመደናገር እንዳታልቅ ነው።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉ በሞተር ነው የሚሠራው። ልጆቻችን ለትብብር ስልጠና ወደ ፋብሪካ ሲላኩ የሚቆሙት ከኮንትሮል ቦርድ ፊት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ስታርና ዴልታ የሞተሩን ጥቅሎች የማገናኛ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በስታር ካስነሱት ከመስመሩ የሚስበው በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሃንድአውት ላይ መሸምደድ ቀላል ነው። ኮንታክተሮቹ (በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች) ተራ በተራ ሲዘጉና ሲከፈቱ፣ ከረንቱም ሲወርድ ማየት ግን ሌላ ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሰልጣኙ ሰርኪዩቱን ራሱ ይዘረጋል፣ ይሳሳታል፣ ሾርት ያደርጋል። የሚቃጠል ነገር የለም። እንደገና ይሞክራል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመሩት የፌት ሲሙሌሽኖች ለመሠረታዊ የኤሌክትሪክ ትምህርት በነፃ የሚገኙ ናቸው። አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀምም ይቻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትምህርት ከየት ይመጣል? እኛ አንሠራውም። ተሠርቶ አለ።

በ2002 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በጠራው ስብሰባ ላይ ክፍት የትምህርት ግብዓት የሚለው ስያሜ ወጣ። ማንም ሰው በነፃ የሚጠቀምበት፣ የሚያባዛው፣ የሚያሻሽለው የትምህርት ጽሑፍና ቪዲዮ ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ አባል አገራት በዚሁ ጉዳይ ላይ የጋራ ምክረ ሐሳብ አጸደቁ። ፈቃዱን በጽሑፍ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው የፈቃድ ዓይነት ነው። እኛ ወሎዬዎች ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን። የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳንና ድስት የአንድ ሰው አይደለም። የቸገረው ይወስዳል፣ ይጠቀማል፣ አጥቦ ይመልሳል፣ የጎደለውን ያሟላል። ክፍት ፈቃድ ያለው ትምህርትም በዚሁ ደንብ ይሄዳል።

ለሙያ ትምህርት የሚሆነው ደግሞ ብዙ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማኅበረሰብ ኮሌጆች የሙያ ስልጠና ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድጋፍ ሰጥቷል። ድጋፉን የወሰደ ኮሌጅ በዚያ ገንዘብ ያዘጋጀውን ትምህርት በክፍት ፈቃድ እንዲያወጣ ግዴታ ነበረበት። ያ ሁሉ ስኪልስ ኮመንስ በተባለ ማከማቻ ተሰብስቧል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ቢሲካምፐስ የሚባለው ተቋም ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክና ለመሳሰሉት ሙያዎች የጋራ መነሻ የሚሆኑ መጻሕፍት በነፃ አውጥቷል። የሥራ ደህንነት፣ የእጅ መሣሪያ አያያዝ፣ የሙያ ሒሳብ፣ ሥዕል ማንበብ ሁሉ አለበት።

እዚህ ጋ ግን ቆም ማለት አለብን። ነፃ የሆነ ሁሉ አይጫንም። ሥራችን የሚከብደውም እዚሁ ላይ ነው።

የአሜሪካና የካናዳ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በእነሱ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ጥቁር፣ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ነጭ ነው። በአውሮፓው ደረጃ ፌዙ ቡናማ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ ነው። የሽቦ ውፍረት በእነሱ በጌጅ ቁጥር ይጠራል፣ በእኛ በስኩዌር ሚሊሜትር። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው የሚቀጥነው በእነሱ ነው፤ በእኛ ይወፍራል። ቪዲዮውን አይቶ ያለ ማብራሪያ ወደ ቦርድ የሚሄድ ልጅ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ትምህርት የሙያው ሰው ሳያየው ወደ ላይብረሪው አናስገባም። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ካየው በኋላ ከሙያ ደረጃው ጋር ያዛምደዋል። ይህ ለየትኛው ሙያ፣ ለየትኛው ሌቨል፣ ለየትኛው የብቃት አሐድ ይሆናል? ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የሚዘጋጅ ሰልጣኝ የሚፈልገውን በደቂቃ ካላገኘ፣ በሺህ የሚቆጠር ፋይል ቢከመርለት ምንም አይጠቅመውም።

ፈቃዱንም እናያለን። አንዳንዱ ለንግድ አትጠቀሙበት ይላል። ይህ አይጎዳንም፣ የምንሸጠው ነገር የለም። አንዳንዱ ግን ለውጣችሁ አታሰራጩ ይላል። እሱን ወደ አማርኛ መልሰን ማከፋፈል አንችልም። ዩቲዩብ ላይ ስላገኘነው ብቻም ቪዲዮ አውርደን አናከፋፍልም። ለልጆቻችን በተሰረቀ ዕቃ ሙያ ማስተማር አንፈልግም።

ኢንተርኔት እያለ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ለምትሉን፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየውን አስታውሱ። ሲኖርም ዳታ በገንዘብ ነው። ከሐይቅ ወይ ከከሚሴ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚሰለጥን ልጅ ፓኬጁን በብየዳ ቪዲዮ ቢጨርስ ለቤተሰቡ በምን ይደውላል?

መፍትሔው ትንሽ ነው። ራስበሪ ፓይ የሚባል መዳፍ ላይ የሚያርፍ ኮምፒውተር አለ። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይጫንበታል። ይህ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። ኪዊክስ የሚባለውም ይጨመራል፤ እሱ የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋባይት በሚሆን ፋይል ይዞ ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። ሰልጣኙ ስልኩን በዋይፋይ ያገናኛል፣ ብራውዘር ይከፍታል፣ ያነባል፣ ያያል። አንድም ሜጋባይት አይቆረጥበትም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በጥሩ ፓወር ባንክ ለሰዓታት ይቆያል። አሰልጣኙም በራሱ ስልክ የቀረጸውን ትምህርት ሊጨምርበት ይችላል።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የያዙ ሦስት ሣጥኖች ማዘጋጀት አስበናል። አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጣል፣ አንዱ ደሴ። ሦስተኛው እየተዘዋወረ ሐይቅና ሐርቡ ድረስ ይሄዳል። በየሦስት ወሩ ተሰብስበው አዲስ ትምህርት ይጫንባቸዋል።

አሁን ወደ ልመናችን።

ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ቢያረጅም ስጡን። ባትሪው ቢሞት ችግር የለም፣ በቻርጀር ይሠራል። ቢያንስ 10 ያስፈልጉናል። ዊንዶውስ የማይችለውን ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሲስተም እናስነሳዋለን። ስልክም እንቀበላለን፤ ስክሪኑ ይሥራ፣ ዋይፋይ ይያዝ፣ ይበቃል። ስልክ የሌለው ሰልጣኝ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠቀምበታል። ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና የግል ፋይላችሁን አጥፉ። እኛም ስንረከብ ሙሉ በሙሉ እናጸዳዋለን። ሃርድ ዲስክ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ራውተር፣ ፓወር ባንክ፣ ጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ደስታችን ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ ራስበሪ ፓዩን በሚመጣ ሰው ብትልኩልን በጣም ታግዙናላችሁ። እዚህ ፈልጎ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው።

ገንዘቡ የሚውለው በልገሳ ላልመጣ ዕቃ፣ ለማጓጓዣና ቁልፍ ላለው የብረት ሣጥን ነው። ለአበልም ለሻይም አይወጣም። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ነው። የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ በየወሩ እንለጥፋለን። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው አጭበርባሪ ቁጥሩን ቀይሮ እንዳያሰራጨው ነው። መስጠት የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። በእኛ ስም ደውሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ እኛ አይደለንም፤ አንደውልም።

የመጨረሻው ልመና ከሁሉ ይበልጥብናል። ጡረታ የወጣችሁ መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኞች፣ የልብስ ስፌት ባለሙያዎች፣ እናንተን እንፈልጋለን። ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ ዕውቀቱ እናንተ ጋ ነው። ያገኘነው ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሰልጣኙ ቃሉን እየፈታ ሥራው ያመልጠዋል። ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ ቪዲዮውን እዩልን። ትክክል ነው ወይስ ለእኛ አገር አይሆንም በሉን። ከዚያ በወርክሾፕ አማርኛ አስረዱት፤ ድምፃችሁን እንቅረጽና በቪዲዮው ላይ እናስገባው። በወር ሁለት ሰዓት ብትሰጡን ይበቃናል። ኮምፒውተር መቻል አይጠበቅባችሁም፤ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ወጣት አለን። አፋን ኦሮሞ የምትችሉም ኑልን፤ ከከሚሴ በኩል ለሚመጡት ልጆች ያስፈልጋል።

የቀረጻው ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ኮምቦልቻ። ከደሴ ለምትመጡ ሐረጎን የምትወርዱበትን የትራንስፖርት ወጪ እንሸፍናለን። መውረድ ለሚከብዳችሁ መቅጃውን ይዘን ቤታችሁ እንመጣለን። ዕቃ ያላችሁ ደሴዎችም አትሸከሙ። ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ድረስ ብቻ አውጡልን፣ እኛው መጥተን እንወስዳለን።