ለአባባ፣ ለሁላችሁም፦ የምስጋና መልእክት

እግሬን የሰበረኝን የሞተር አደጋ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ከስምንት ወር በኋላ ትናንት ያለ ክራንች ሱቅ ደርሼ አራት ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። እናቴ ዳቦውን እንደታቀፈች አለቀሰች። እግዚአብሔር ይመስገን።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ልጆች፣ የጥቁር አንበሳ የአጥንት ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ ደም የሰጣችሁኝ የሠፈሬ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ወጣት ሐኪም በራጅ ፖስታዬ ጀርባ ላይ እግሬን ሥሎ አስረዳኝ። አጥንቱ ቆዳዬን በስቶ ስለወጣ ቁስሉ መጀመሪያ ታጥቦ የሞተው ሥጋ መወገድ ነበረበት። እስከዚያ ስብራቱ ከውጭ በብረት ተይዞ ቆየ። በኋላ ቅልጥሜ ውስጥ ዘንግ ገብቶ ከላይና ከታች በብሎን ታሰረ። ዘንጉ «ሳይን» ይባላል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ያለ በጎ አድራጊ ድርጅት በነፃ የሚልከው ነው። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ራጅ ማሽን ባይኖር እንኳ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው አሉ። ላኪዎቹንም አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

ሦስት ሳምንት አብረን ስንከርም ስማቸውን አለመጠየቄ ያሳፍረኛል። ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንላቸው። አጠገቤ የተኛውን ልጃቸውን ያስታምሙ ነበር። ልጁ እግሩ ሲሰበር አገር ቤት ወጌሻዎች በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። ሲያመው «ቻለው፣ እየጠገነ ነው» አሉት። ለካ ደም መድረስ አቁሟል። ሆስፒታል ሲደርስ እግሩ ጠቁሮ ነበር፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

አባባ ሌሊት ይነሳሉ። የስልካቸውን መብራት ያበራሉ። ልጃቸውን አልብሰው እኔ ዘንድ ይመጡና የእግር ጣቶቼን በመዳፋቸው ይይዛሉ።

«ይሞቃል። በል አንቀሳቅስልኝ።»

አንቀሳቅሳለሁ።

«አውራ ጣቲቱንም።»

ከዚያ «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ሌሊት ተበሳጭቼ እምቢ አልኩ። ዝም ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እስካንቀሳቅስ አልተነሱም።

ዘንጉ እስኪገባ መጠበቁ የሰለቻቸው ዘመዶቼ «አውጥተን ወጌሻ ጋ እንውሰደው» ያሉ ቀን ደግሞ አለ። (ወጌሻን ሁሉ አልኮንንም፤ ወለምታዬን ስንቴ አሽተውልኛል። ይሄ ግን ወለምታ አልነበረም።) አባባ ተነሱ። ልጃቸውን አዩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ብርድ ልብሱን ገለጡና «እዩት» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጎቴ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት። ወንድሜ፣ ለኔ እግር ብለህ ያን ቀን ስለተገለጥክ ይቅር በለኝ።

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። አጥሚት ስታመላልሱ የነበራችሁ በተለይ። ቀይ ፔርሙስ የጠፋባችሁ ካላችሁ እኛ ቤት ነው፣ ኑና ውሰዱ።

አባባ፣ ስልክዎን የጻፍኩበት የመድኃኒት ካርቶን ጠፋብኝ። ከመንዝ እንደመጡ ብቻ አውቃለሁ። የሚያውቃቸው ካለ ይንገርልኝ፤ ጣቶቼ ይሞቃሉ። አውራ ጣቲቱም ትንቀሳቀሳለች።