ለልጄ፣ ስለ እጮኛሽ ወገኖች

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እጮኛሽ ሜክሲኮ ሄዶ የአጎቶቹ ልጆች በስፓኒሹ ሲስቁበት ሰነበቱ አልሽኝ። «ፖቾ» አሉት፣ ሜክሲኳዊነቱን ትቶ አሜሪካዊ የሆነ ለማለት። እዚህ ደግሞ «አገርህ የት ነው?» ይሉታል፣ ያውም ሎስ አንጀለስ የተወለደውን ልጅ። አንቺም ቀጠል አድርገሽ «እኔም እንደሱ ነኝ፣ ከዚህም ከዚያም አይደለሁም» አልሽኝ። ይሄን አልቀበልሽም። እኔ አንቺን ያሳደግኩት ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር አንድ ኩሽና ውስጥ ቆሜ እየሠራሁ ነው።

አንቺ ያለሽበት ሳንዲዬጎም እኛ ያለንበት ሎስ አንጀለስም በፈረንጆቹ እስከ 1848 ድረስ ሜክሲኮ ነበር። ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ተደረገ፣ ሜክሲኮ ተሸነፈች፣ የግዛቷን ግማሽ ያህል አጣች። ከቤታቸው ሳይነቃነቁ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ውል ሌላ አገር ውስጥ ተገኙ። «እኛ ድንበሩን አልተሻገርንም፣ ድንበሩ ነው የተሻገረን» የሚሉት ለዚህ ነው።

የእጮኛሽ አያት ግን በኋላ የመጡ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ብራሴሮ፣ ማለትም የውል ሠራተኛ፣ ነበሩ ብለሽኛል። ከ1942 እስከ 1964 ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ከሜክሲኮ በውል ሠራተኛ ይመጣ ነበር፣ አብዛኛው ለእርሻ። ከአራት ሚሊዮን በላይ ውል ተፈርሟል። ሲገቡ ልብሳቸውን አስወልቀው ዲዲቲ የሚባለውን የተባይ መርዝ የነፉባቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1930ዎቹ ሥራ ሲጠፋ፣ እዚሁ የተወለዱትን ዜጎች ሳይቀር ወደ ሜክሲኮ ሸኝተዋቸዋል። ካሊፎርኒያ ለዚህ በሕግ ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው። እንግዲህ «አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ቤተሰብ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሲናደድ ታገሺው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። አብራኝ የምትሠራዋን የኦሃካዋን፣ የደቡብ ሜክሲኮዋን ሴትዮ ታውቂያታለሽ፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ታማሌ የሚሉትን የበቆሎ ምግብ ትልክልሽ የነበረችውን። የእሷ አፍ መፍቻ ሳፖቴክ የሚባለው የአገሬው ቋንቋ ነው። ስፓኒሽ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፣ እዚያም ሲስቁባት ነው ያደገችው። ሜክሲኮ ራሷ የምትቆጥራቸው 68 የአገሬው ቋንቋዎች አሏት። እና በስፓኒሽ ብቻ ሰው ሜክሲኳዊ ይሆናል ያለው ማነው? የአባትሽ እናትም እኮ አማርኛ የለመዱት ከጉራጌ አገር አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። በኢትዮጵያዊነታቸው ማን ይመጣባቸዋል?

አምና የሙታን ቀናቸው ሲደርስ ቤቷ ጠርታኝ ሄድኩ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አቁማለች። የእናቷ ፎቶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጨው፣ ዳቦ፣ አባቷ ይወዱት የነበረ ኮካ ኮላ በጠርሙስ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ብርቱካናማ አበባ ተበትኗል፣ ነፍሳት መንገዱን እንዲያገኙ ነው አለችኝ። አበባውን እየቆነጠረ የሚበትነው የልጅ ልጇ ነበር። ያ ልጅ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይናገርም። ግን የቅድመ አያቱን ስም ያውቃል፣ ውሃው ለምን እንደተቀመጠ ያውቃል። ወዲህ በይ ወዲያ በይ እያለ ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው። የቤቱ ልጅ መሆኑን የተጠራጠረ አንድም ሰው አላየሁም። የእናቴ ተዝካር ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም፣ እዚያ ቤት ያን ቀን ማልቀስ ያለ ነገር ነው።

የእጮኛሽ አባት ከሜክሲኮ ክልሎች የሳካቴካስ ሰው ናቸው አይደል? የሳካቴካስ ሰዎች እዚህ ከተማ ያላቸው ማኅበር ዝም ብሎ ለጭፈራ የሚሰበሰብ እንዳይመስልሽ። እንደኛ የአገር ልጆች ማኅበር ነው። ገንዘብ አዋጥተው የመንደራቸውን መንገድ፣ ውሃና ቤተክርስቲያን አሠርተዋል። ለዓመታት እነሱ አንድ ዶላር ሲያወጡ መንደሩ አንድ፣ ክልሉ አንድ፣ የፌደራሉ መንግሥት አንድ ይጨምሩ ነበር።

በዚህ በዚህ እቀናባቸዋለሁ። ሜክሲኮ ከ1998 ጀምሮ፣ ተወላጇ የሌላ አገር ዜግነት ቢወስድም የእሷን አያጣም ብላለች። በ2006 ደግሞ ውጭ ያሉት ፕሬዚዳንት መረጡ። አባትሽ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲያወጣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ቀረ፣ አሁን አገሩ የሚገባው በቢጫ ካርድ ነው። ይሄ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። እጮኛሽ ግን አባቱ እዚያ ስለተወለዱ የሜክሲኮ ዜግነቱን ማስመዝገብ ይችላል። ቆንስላው ሄዶ ይጠይቅ፣ አትለፉት። ለሚወለዱትም ልጆች አስቡ።

ደግሞ አደራ፣ ሜይ 5 ቀን «እንኳን ለነጻነት በዓል አደረሳችሁ» ብለሽ እንዳትደውዪላቸው። እሱ በ1862 ፑዌብላ በምትባል ከተማቸው ላይ ፈረንሳዮችን ያሸነፉበት ቀን ነው። የነጻነት በዓላቸው ሴፕቴምበር 16 ነው።

ቤተሰቡ ሊጠይቁሽ እንደሚመጡ ሰማሁ። በእነሱም ባህል የወንዱ ቤተሰብ መጥቶ የልጅቷን እጅ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። አያቱ ሴትዮዋም ይምጡልኝ። እንግሊዝኛ አልችልም ብለው እንዳይቀሩ፣ የኦሃካዋ ጓደኛዬ መሃል ቁጭ ብላ ታስተረጉምልናለች፣ ነግሬያታለሁ። ቀኑን ብቻ ከጾም ውጭ አድርጉት። ዶሮ መሥራት እፈልጋለሁ።

እናትሽ