ፈረሶችህን የሚጎትተው መኪና

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ለአንተና ለቤተሰብህ ይድረስ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ ቆይተን፣ እኅትህን ደብረ ሲና ላይ ባገኘኋት ጊዜ ኮሎራዶ ላይ ሁለት ፈረስ መግዛትህን ስትነግረኝ፣ የመንዝ ልጅ የትም ቢሄድ ከፈረስ እንደማይለይ አይቼ ከልቤ ደስ አለኝ። ጥያቄህንም አድርሳኛለች። ፈረሶቹን በተሳቢ እየጎተትህ ከልጆችህ ጋር ለመጓዝ በፒክአፕ ጀርባ የሚጫነው የመኝታ ቤት፣ ካምፐር የሚሉት፣ ይሻልሃል፣ ወይስ ቤቱና መኪናው አንድ የሆነው ሞተርሆም?

እኔ ፒክአፑን እመርጥልሃለሁ፤ ይኸውም የኋላ ጎማው ድርብ፣ ሞተሩም ቱርቦ (አየር አጥብቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ናፍጣ ከሆነ ነው።

ሁለት ፈረስ የሚይዝ ተሳቢ ከነፈረሶቹ፣ ከነድርቆሹና ከነኮርቻው ከ22 እስከ 26 ኩንታል ይደርሳል። ብዙ ሞተርሆሞች የሚሠሩበት የፎርድ ኢ-450 ሻንሲ (ቤቱ የሚታነጽበት የመኪናው የብረት አካል) ከነተሳቢው እስከ 99 ኩንታል፣ ብቻውን ደግሞ እስከ 65 ኩንታል ስለሚፈቀድለት፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ለተሳቢው ከበቂ በላይ የተረፈ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱን ለማስረዘም ሻንሲው ወደ ኋላ ተቀጥሎ መንጠቆው በቅጥያው ላይ ስለሚታሰር፣ ብዙዎቹ ከ5,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ22 ኩንታል ተኩል ብዙም የማያልፍ ጭነት ብቻ ይፈቅዳሉ። የአንተ ተሳቢ ያን ጊዜ ዳር ላይ ነው። ፈረስ ደግሞ እንደ እህል አይረጋም፤ ኩርባ ላይ እግሩን ሲያዛውር እንቅስቃሴው በመንጠቆው አልፎ መሪው ላይ ይሰማሃል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው፤ ጣርማበርን ጭነት ይዞ የወጣ ሾፌር ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የአሁኑ ኢ-450 ባለ 7.3 ሊትር ቤንዚን ሞተር ቱርቦ ስለሌለው፣ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የኮሎራዶው የአይዘንሃወር የመንገድ ዋሻ ዘንድ ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሶው ያህል ሄዷል። ቁልቁለቱ ከዚህም ይብሳል። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ እንደምናደርገው ማርሽ ቀንሰህ ውረድ፤ የተሳቢው የራሱ ፍሬን መሥራቱን ሳታረጋግጥም አትነሣ። ጭሱን አፍኖ መኪናውን በሞተሩ የሚይዝ ፍሬን ያለው ናፍጣ ፒክአፕ እዚያ ላይ ነው ዋጋውን የሚያሳይህ።

ካምፐሩም የራሱ ጣጣ አለው። ትልልቆቹ ውሃና ዕቃ ሲገባባቸው 20 ኩንታል ያልፋሉ፤ ተሳቢው በመንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውም በዚያው ጀርባ ላይ ይደመራል። ድርብ ጎማ ያልሁህ ስለዚህ ነው። የካምፐሩ ጭራ ከመንጠቆው በላይ ወደ ኋላ ስለሚወጣ መንጠቆውን የሚያስረዝም ብረት ያስፈልግሃል፤ ብረቱ በረዘመ ቁጥር የሚፈቀደው ክብደት ይቀንሳልና ጭራው አጭር የሆነውን ፈልግ። በሩም ከኋላ ከሆነ ተሳቢው እንደ ታሰረ ደረጃውን መዘርጋት ያስቸግራል።

ለልጆች ሞተርሆሙ እንደሚመች አልክድም። ሆኖም ካምፕ ስትደርስ ካምፐሩን በእግሮቹ አቁመህ፣ ፈረሶቹን ከነተሳቢያቸው በፒክአፑ ብቻ እየጎተትህ ወደ ተራራው ትወስዳለህ፤ ልጆቹም ባለ አራት በሩ ጋቢና ውስጥ ቀበቷቸውን አስረው ይቀመጣሉ።

ከመፈረምህ በፊት በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ ፎቶ አንሥተህ፣ ከካምፐሩ ክብደት ጋር ላክልኝ፤ አብረን እንደምረዋለን።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን