ለዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ አስተናጋጆች ደመወዝ ሕግ

ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራትና ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍላችሁ እንግሊዝኛ ተስኖኝ አይደለም። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ሊያስተናግዷቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ በመሆኑ፣ የማነሣው ጉዳይ የሚነካቸው ብዙ ሰዎችም ስለ ደመወዛቸው የሚወያዩት በዚሁ ቋንቋ በመሆኑ ነው። ጉዳዩ ኢኒሼቲቭ 82 በመባል የሚታወቀውና በጉርሻ፣ እኛ በለመድነው አጠራር በቲፕ፣ የሚተዳደሩ ሠራተኞችን መነሻ ደመወዝ፣ ማለትም አሠሪው ከቲፑ ሌላ በሰዓት የሚከፍለውን፣ የሚወስነው ሕግ ነው።

በዩ ስትሪት አካባቢ በአስተናጋጅነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከእህቴ ጋር አሥራ አራት ጠረጴዛ ያላትን ትንሽ ሬስቶራንት አስተዳድራለሁ። ስለዚህ ሠራተኛው ሲያማርርም ሆነ አሠሪው ሲያማርር ሁለቱንም ከውስጥ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ክርክርም ሙሉ በሙሉ ከአንዱ ወገን መቆም አልቻልኩም። መነሻ ደመወዙ ይጨመር ወይስ አይጨመር በሚለው ላይ ብዙ ተብሏል። እኔ ማመልከት የምፈልገው ሕጉ በየጊዜው መለዋወጡና በደሃው ሠራተኛ ቅሬታ አቅራቢነት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ምን እንዳደረገን ነው።

የሕጉን ጉዞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በጁን 2018 የከተማው ሕዝብ ይህን መነሻ ደረጃ በደረጃ ወደ ሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ ለማድረስ የቀረበውን ኢኒሼቲቭ 77ን በድምፁ አጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ምክር ቤቱ ሻረው። በኖቬምበር 2022 ሕዝቡ ያንኑ ሐሳብ ኢኒሼቲቭ 82 በሚል ስም ከአራት ሦስት እጅ በሚጠጋ ድምፅ ዳግመኛ አጸደቀ። መነሻው ከ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተነሥቶ በሜይ 2023 ወደ 6 ዶላር፣ ከሁለት ወር በኋላ ወደ 8 ዶላር፣ በጁላይ 2024 ደግሞ ወደ 10 ዶላር አደገ። በጁላይ 1 ቀን 2025 ወደ 12 ዶላር ከፍ ሊል አራት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጭማሪውን አገዳችሁ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በበጀት ሐሳባቸው ሕጉ ጨርሶ እንዲሻር ጠይቀው ነበር። በመጨረሻ በጁላይ 28 በ7 ለ5 ድምፅ ወደ መካከለኛ ስምምነት ደረሳችሁ፤ 10 ዶላሩ እስከ ጁላይ 2026 ባለበት እንዲቆይ፣ ከዚያ በኋላ ከሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ 56 በመቶ እንዲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ እያደገም በ2034 75 በመቶ ላይ እንዲደርስ ወሰናችሁ።

ጭማሪው ከመታገዱ በፊት በነበሩት ወራት እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሕግ ሕግ ነውና 12 ዶላር ይመጣል ብለን ተዘጋጀን። አዲስ ሜኑ አሳተምን፤ ማክሰኞና ረቡዕ የምሳ አገልግሎት አቆምን፤ ከአምስቱ አስተናጋጆቻችን አንዷን አስቀምጠን ሰዓቷን ልንሞላላት እንደማንችል ነገርናት። እኔ ራሴ ቅዳሜና እሑድ ወደ ትሪ ተሸካሚነቴ ተመለስኩ፤ ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፣ ከእንግዳ ጋር መጨዋወት ሁልጊዜም ደስ ይለኛል። ጭማሪው ታገደ የሚለው ዜና ሲመጣ ልጅቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ይዛ ነበር። ከጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ተጉዞ የከተማውን ወሰን ያለፈ ሰው የሚገባው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ በዚያ የአስተናጋጅ መነሻ በሰዓት 4 ዶላር ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ ያልመጣውን 12 ዶላር በመፍራታችን ምክንያት በእጇ የነበረውን 10 ዶላር በ4 ለወጠች። ጥፋቱ የእኛ ነው ብትሉኝ በከፊል እቀበላለሁ። ነገር ግን ጠረጴዛ የሚቆጥር ነጋዴ እቅዱን የሚያወጣው በታወጀ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሕጉ በዋዜማው ሲገለበጥ ጥንቃቄ ያደረገው ይከስራል፣ ያልተዘጋጀው ያተርፋል።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለው አሠሪ አሁንም የሚከፍለው መነሻ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ከመንገድ ዳር ቆጥረን የምናውቃቸው የአገራችን ምግብ ቤቶች ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መሄድ የጀመሩት ከዚህ ሕግ በፊት፣ በዋናነት በኪራይ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በኢኒሼቲቭ 82 ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ሆኖም በየዓመቱ ጁላይ ሲቃረብ ‹‹ዘንድሮስ ምን ይወስኑ ይሆን?›› እያለ የሚጨነቅ ሰው የአምስት ዓመት የኪራይ ውል ለመፈረም እጁ አይታዘዝለትም።

አሁን ወደ ሠራተኛዋ ልመለስ፤ ዋናው ቁም ነገር እዚያ ነውና። ሕጉ የአስተናጋጇ መነሻና ቲፕ ተደምሮ በሳምንቱ አማካይ ከሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ ካነሰ አሠሪው ልዩነቱን እንዲከፍል ያስገድዳል። ሙሉው ደመወዝ በጁላይ 2025 በሰዓት 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። በዚህ ስሌት በሳምንት 30 ሰዓት የሠራች ሴት 538 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማግኘት አለባት ማለት ነው፤ ከዚህ 300ው መነሻዋ ነው። በቀዝቃዛ የጃንዋሪ ሳምንት በቲፕ ያገኘችው 190 ዶላር ብቻ ቢሆን አሠሪዋ 48 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጨምርላታል። ወረቀቱ ላይ ግልጽ ነው። እኔ ግን በአስተናጋጅነት በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጭማሪ አንድም ቀን ተቀብዬ አላውቅም። የሚገባኝ መሆኑን የሰማሁትም ከሥራው ከወጣሁ በኋላ፣ የራሳችንን ፔይሮል፣ የደመወዝ መዝገብ፣ ለማሠራት ከሒሳብ ሠራተኛ ፊት ስቀመጥ ነው።

ባውቅስ ኖሮ እጠይቅ ነበር? ይህን ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። አሠሪዬ በዲቪ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ልምድም እንግሊዝኛም በሌለኝ ጊዜ ሥራ የሰጠኝ ሰው ነበር። እናቴ ስታርፍ ለቅሶ ደርሶ ካስተዛዘኑኝ ሰዎች መካከልም ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው 48 ዶላር ጎድሎብኛል ብሎ መክሰስ በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ያጣ ሰው ሥራ ነው፤ ወሬውም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥርም አይገኝም። ሕጋችሁ የተቀረጸው ግን የተበደለ ሰው ቅጽ ሞልቶ ለሥራ ቅጥር መምሪያ ያመለክታል በሚል ግምት ነው። ለብዙዎቻችን ቅጹ በአማርኛ መገኘቱ እንኳን በቂ አይሆንም፤ ሠራተኛዋ ቅጽ እስክትሞላ የማይጠብቅ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋታል።

ይህ ደግሞ የማይቻል አይደለም። ቲፕን እንደ ደመወዝ አካል የሚቆጥሩ አሠሪዎች የደመወዝ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለመምሪያው ያቀርባሉ፤ እኛም እናቀርባለን። ሰዓት፣ መነሻና ቲፕ በአንድ መዝገብ ላይ እየተጻፉ ከቀረቡ ከሙሉው ደመወዝ በታች የወረደ ሳምንት ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ማንም አቤቱታ ማቅረብ አያስፈልገውም። መምሪያው በናሙናም ቢሆን እየመረጠ ቢመረምርና ልዩነቱን በራሱ ጥያቄ ቢያስከፍል ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር ሳትቀያየም መብቷን ታገኛለች። እኔ አሠሪ እንደመሆኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ልዩነቱን እየከፈልኩ ከማይከፍለው ጋር በአንድ ዋጋ ክትፎ መሸጥ ከባድ ነውና።

ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለውን የአገልግሎት ክፍያም ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። መነሻው ሲጨምር ብዙ ቤቶች በሒሳብ ወረቀቱ ግርጌ 18 ወይም 20 በመቶ ጨመሩ። የከተማው ዐቃቤ ሕግ በ2023 እንዲህ ያለ ክፍያ ለደንበኛው አስቀድሞ በግልጽ መነገር እንዳለበት አሳስቦ ነበር። ይሁንና ስለ ገንዘቡ መድረሻ ደንበኛው አሁንም ግራ ይገባዋል። ጋሽዬ ብለን የምንጠራቸው የቆዩ ደንበኞቻችን ወረቀቱን አይተው ‹‹ተቆርጧል እኮ›› ብለው ኪሳቸውን ሳይነኩ ይነሣሉ፤ አስተናጋጇ ከዚያ 20 በመቶ ምን እንደሚደርሳት ግን በቤቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። እኛ ለሦስት ወር ሞክረነው ተውነው። ክፍያው ይፈቀድ ካላችሁ ለማን እንደሚገባ በራሱ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ እዘዙ።

ስለ አዲሱ ስምምነት አንድ ነገር ልበል። የ2025ቱ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም 56 በመቶ ሲሰላ 10 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይመጣል። በ2025 12 ዶላር ይሆናል ተብላ ቃል የተገባላት አስተናጋጅ አንድ ዓመት ጠብቃ በዚሁ ስሌት የምታገኘው የ5 ሳንቲም ጭማሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሕዝብም በዚህ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። እኔ 12 ዶላሩን ለመክፈል ተዘጋጅቼ ስለነበር አልተደሰትኩም፣ አላዘንኩምም። የምጠይቀው ይህ መርሐ ግብር ከጸና በሚቀጥለው የበጀት ወቅት እንደገና እንዳይነካ ነው። ማሻሻያ የግድ ካስፈለገም ከሚጸናበት ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይወሰን፤ ውሳኔው በጸደቀ ሳምንትም በየኩሽናው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በአማርኛ ይድረሰን።

ጉዳዩን ለመስማት በምትጠሩት ቀጣይ ስብሰባ ላይ ለመገኘት ፈቃደኛ ነኝ። ከእኔ ይልቅ ግን አስተናጋጆቹ ቢናገሩ ስለምመርጥ ስብሰባው ሰኞ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ብዙዎቻቸው ከሥራ ነፃ በሚሆኑበት ጊዜ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ባለበት እንዲደረግ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በዋሽንግተን ዲሲ የአንዲት ትንሽ ሬስቶራንት ባለቤትና የቀድሞ አስተናጋጅ