የመርከበኞቻችን መዝገብ ይሰብሰብ፣ ለቤተሰብም ይከፈት

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ ንግድ መርከቦች ላይ የሠሩ ሰዎች የአገልግሎት መዝገብ፣ የትም መጋዘን ይቀመጥ፣ ተሰብስቦ እናንተ ዘንድ ይግባ። የስም ማውጫ ይሠራለት። ዘመድ የጠፋበት ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ፈልጎ የሚመልስለት ይኑር።

ንግድ መርከብ የተባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም ነው። ያኔ መርከቦቹ ከአሰብና ከምጽዋ ይነሱ ነበር። ኋላም እነ «ዓባይ ወንዝ»፣ እነ «ኦሞ ወንዝ»፣ እነ «ነበልባል» መጡ። በነዚህ መርከቦች ላይ ካፒቴን ብቻ አልነበረም የሚሠራው። ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ሲጠርግ የሚውል፣ ወጥ ቤት የሚያበስል፣ ገመድ የሚጎትት ብዙ ልጅ ነበር። አብዛኛው ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ከነሱ አንዱ ነው። ሥራው ሞተር ክፍል ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰን በ1982 ነው፣ ከአውሮፓ። በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ። አሰብ የነበሩ ጓደኞቹ የትም ተበተኑ። እሱ ከመርከብ ወርዶ እዚያው ቀርቶ ይሁን፣ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ይሁን፣ ባሕር ላይ ሞቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አያቴ እስክታርፍ ድረስ ተዝካሩን አላወጣችም። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም፤ ሞቷል ያላት ደግሞ አልነበረም። አሁን ጥያቄው የእናቴ ነው። እሷም አርጅታለች።

ሕጉ መንገድ አበጅቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 154 መሠረት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ውርስ ላለበት ቤተሰብ ይህ ይጠቅማል። እናቴ ግን ውርስ አትፈልግም። የምትፈልገው ወንድሟ የት እንደወረደ ማወቅ ነው። ይህን ሊነግራት የሚችለው የመርከብ ወረቀት ነው።

ለምን መሰላችሁ? መርከብ ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ሠራተኛው ሲቀጠር ይመዘገባል፤ የመርከበኛ ደብተር ይሰጠዋል። ሲሳፈር ቀኑና ወደቡ ይጻፋል፤ ሲወርድም እንዲሁ። ካፒቴኑ የጉዞ መዝገብ ይይዛል። የሞተ፣ የታመመ፣ የኮበለለ ሰው ካለ እዚያ መስፈር አለበት። መርከቡ የውጭ ወደብ ሲገባም የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ለወደቡ ሹሞች ያስረክባል። ይህ አሠራር ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የጸና ነው። ስለዚህ አንድ መርከበኛ ሲጠፋ ቢያንስ የመጨረሻ መርከቡና የመጨረሻ ወደቡ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው። ወደቡ ከታወቀ የዚያን አገር ሆስፒታል፣ የዚያን ከተማ የቀብር መዝገብ፣ የዚያን አገር የስደተኞች ቢሮ መጠየቅ ይቻላል። ወደቡ ካልታወቀ ግን ዓለም ሰፊ ነው፤ የት ተብሎ ይጀመራል?

እኛ ያለን ስም፣ ፎቶና የደብዳቤ ፖስታ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ጠየቅን። «ፋይሉ እኛ ጋ የለም» ተባልን። ወደ ሌላ ላኩን፤ እዚያም ተመሳሳይ መልስ። በር ላይ ያናገረን ልጅ ጨዋ ነበር፤ ሊረዳን ፈልጎ የሚያየው መዝገብ ግን አልነበረውም። እሱን አልወቅሰውም። ማውጫ በሌለበት ማንም ቢቀመጥ ያው ነው።

ወረቀቱ ብዙ ተንከራቷል። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ሥራው ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2004 ንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎትና የደረቅ ወደብ አገልግሎት ሦስቱ ተዋሕደው አንድ ድርጅት ሆኑ። ቢሮ በተዛወረ ቁጥር ምን እንደሚሆን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የቆየ ፋይል ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ከዚያ እርጥበትና አይጥ አለ።

ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ከ1857 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ድረስ በየሰው የተያዘ የመርከበኛ መዝገብ አልነበራቸውም። የዚያን ዘመን ሰው የሚፈልግ ዘመድ መጀመሪያ የመርከቡን ስም ማወቅ አለበት። የየመርከቡን የሠራተኛ ዝርዝር ደግሞ ሁሉንም አላስቀመጡም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው አሥር በመቶ ያህሉን ለናሙና ያዘ። ከ1863 እስከ 1938 ካለው 70 በመቶ ያህሉ የተረፈው ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ስለተረከበው ነው። ዛሬ የአያቱን ስም ሊፈልግ እዚያ ድረስ የሚጽፍ እንግሊዛዊ አለ። የ1915ቱን ዝርዝር ግን በጎ ፈቃደኞች እየተቀመጡ ገልብጠውታል። ከ39 ሺህ የሚበልጥ ሰነድ ነው። አሁን ማንም ቤቱ ሆኖ ስም ጽፎ ያገኘዋል። የኛ መርከቦች ጥቂት ናቸው። የኛ ሥራ ከዚያ በጣም ያንሳል።

ማውጫው ሲሠራ አንድ ነገር አደራ። የሰውየው፣ የአባቱና የአያቱ ስም ሦስቱም ይግቡ፤ የትውልድ ቦታም ይጨመር። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። በውጭ ወረቀት ላይ አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአባቱ፣ አንዴም በአያቱ ይገኛል። የትውልድ ዘመኑም በኛ ቁጥር ይሁን በፈረንጅ አይለይም። ይህ ካልተስተካከለ መዝገቡ ተገኝቶም ሰውየው አይገኝም።

ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው። በ1991 የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 መዛግብትን እንድትሰበስቡና እንድትጠብቁ ኃላፊነት ሰጥቷችኋል። መረጃ የማግኘት መብትም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። የግል ገመና ይጠበቅ የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ለዚያም በ2016 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን። መዝገቡን ለሁሉም አደባባይ አውጡት አላልኩም። ዝምድናውን ላስረዳ ሰው ይከፈት ነው የምለው። ይህ ለኤርትራ ቤተሰቦችም ይሁን። የአሰብና የምጽዋ ልጆች ከኛ ልጆች ጋር በአንድ መርከብ አብረው ሠርተዋል፤ የነሱም እናቶች ይጠይቃሉ።

የሚያስቸኩለው ደግሞ ሰው ነው። ያኔ የሠሩ ካፒቴኖች፣ መሐንዲሶችና መርከበኞች አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ማን ከማን ጋር እንደሠራ፣ ማን የት ወደብ እንደቀረ ያስታውሳሉ። መዝገቡ እስኪደራጅ ሳትጠብቁ አንድ ሠራተኛ መድባችሁ ቃላቸውን ተቀበሉ። ወረቀቱ የጎደለውን እነሱ ይሞሉታል።

ፋይሎቹ ሲገኙ ስም የሚገለብጥ ሰው ብታጡ እኔ አለሁ። እንደኔ ዘመድ የጠፋባቸውም ይመጣሉ። የምንጠይቃችሁ ጠረጴዛና ፈቃድ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ መርከበኛ የእህት ልጅ፣ አዲስ አበባ