የእሑዱን ንባብ ለልጆቻችን ቅዳሜ እናድርስላቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ አንድ አባት «የዛሬ ልጆች ስልክ እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ አይገልጡም» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ሐዘናቸው ገብቶኛል፤ በምክንያቱ ግን አልስማማም። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እዚሁ ደሴ፣ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ካሉ ልጆች ጋር ነኝ። ልጆቹ ማንበብ አልጠሉም። መጽሐፉን ከፍቶ አጠገባቸው የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ነው ያጡት።

አንድ ታዳጊ ሰንበት ትምህርት ቤት መጥቶ ሰዓቱ በምን እንደሚያልቅ እንይ። የመዝሙር ጥናት አለ፣ ለንግሥ በዓል ልምምድ አለ፣ የጉዞ ትኬት መሸጥ አለ፣ ድራማ አለ። ሁሉም መልካም ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚታወሰው የጥያቄና መልስ ውድድር ሲደርስ ነው። ማቱሳላ ስንት ዓመት ኖረ? 969! ይጨበጨባል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማል። ያንኑ ልጅ ኢዮብ ከወዳጆቹ ጋር በምን እንደተከራከረ ብትጠይቁት «ታጋሽ ነበር» ከማለት አያልፍም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲሟገት ማንም አላስነበበውም። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እኮ ልቡ በእንዲህ ዓይነቱ ሙግት የተሞላ ነው!

ጳጉሜን 3 ቀን ዝናብ ሲወርድ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያለ ያልዘለለ ከእኛ ልጆች ማን አለ? ሩፋኤልን በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ያገኘው ግን ስንቱ ነው? መጽሐፉ 14 ምዕራፍ ብቻ ነው። ዓይኑ የጠፋ አባት አለ። በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ እንዲያመጣ ሩቅ አገር የሚላክ ልጁ አለ። መንገድ ሊመራው የሚቀጠር እንግዳ አለ፤ መልአክ መሆኑን ልጁም አባቱም አያውቁም። ወንዝ ዳር ዓሣ ሊውጠው ይወረወርበታል፤ ውሻው ከኋላቸው ይከተላል። ባለፈው ክረምት እየተቀባበልን ጮክ ብለን ስናነበው፣ አንዱ ልጅ ውሻው በደኅና መመለሱን ሳያውቅ ማደር አቅቶት መጽሐፉን ለምኖ ቤቱ ወሰደና ጨርሶት መጣ። ያስጨነቀው ውሻው ነበር፤ በዚያው ግን የጦቢትን ጸሎት አንብቧል፤ ስለ እሱም ሲጠይቀኝ ሰነበተ። ጦቢትን የያዘ ሰማንያ አሐዱ፣ ማለትም 81ዱን መጻሕፍት የያዘ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በክፍላችን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቤተ ክርስቲያናችን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችው ነው። አብዛኞቹ ቤት ያለው 66ቱን ብቻ የያዘው እትም ነው። በየዓመቱ የመዝሙር ልብስ ስናሰፋ ከዚያው ገንዘብ ጥቂት መጻሕፍት መግዛት እንዴት ይከብደናል?

ምን እናስነብባቸው ለሚሉኝ፣ አዲስ ፕሮግራም መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ የቅዳሴ ምንባባት የተደነገጉበት ግጻዌ አለልን። በየሰንበቱ በቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሰባቱ መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት የሚነበበውን፣ ከዳዊት የሚሰበከውን ምስባክና ወንጌሉን አባቶቻችን ወስነው አስቀምጠውልናል። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ቆሞ እየሰማ ያልፈዋል፤ ንባቡ ከየት እንደተጀመረ ሳያውቅ ያልቃል። ቅዳሜ ያነበበው ከሆነ እሑድ ዲያቆኑ ሲጀምር ጆሮው ይቆማል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ይቺ የእኛ ናት» የሚል ፊት ይዘው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በአራተኛው ሰንበት በመፃጉዕ ዋዜማ፣ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን ከፈትን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ይለዋል። ከኋላ የምትቀመጥ፣ እምብዛም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ያን ያህል ዘመን የታመመ ሰው መዳን አይፈልግም ይባላል?» አንዳንዶቹ ደነገጡ። እኔ መልስ አልሰጠኋትም፤ «ሰውየው ምን ብሎ መለሰ? አንብቢልን» አልኳት። «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ብላ አነበበች። «አዎ አላለም እኮ!» አለ አንዱ ልጅ። ከዚያ ወዲያ እኔ ብዙም አልተናገርኩም። ሰው ማጣት ምን እንደሆነ እነሱ አወሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ገና ትንሽ ልጅ የነበረ አንዱ፣ ከቤተሰቡ ጋር በእግር ሲወጡ ማን ደግፎ እንዳሻገራቸው ነገረን።

ጥያቄዋን በማግሥቱ ለደብሩ መምህር አቀረብንላቸው። ልጅቷ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ «ልጄ፣ ትርጓሜ ቤት እኮ እንዲህ እየተጠየቀ ነው የሚኬደው» አሏትና፣ ጌታ ሰውን ያለ ፈቃዱ እንደማያድን አስረዷት። አሁን ያቺ ልጅ ቅዳሜን አታስቀርም።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። አንድ ታዳጊ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲያነሳ «ይሄን ከየት ሰማኸው?» ብለው በጥርጣሬ የሚያዩ፣ አልፎም ስም የሚለጥፉ አሉ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። መጻሕፍት በሚተረጎሙበት ጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ «እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እየተባለለት፣ እየጠየቀና እየተጠየቀ ነው የሚያድገው። ልጆቻችንን ከዚህ ርስታቸው ለምን እንከለክላቸዋለን? እኛ ጋ መጠየቅ የተከለከለ ልጅ ሌላ የሚጠይቀው አያጣም።

ለእኒያ አባት አንድ ነገር ልበል። አባቴ፣ «ስልክህን አስቀምጥና መጽሐፍ ቅዱስህን አንብብ» ሲሉት ልጅዎ ቃሉን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። መጽሐፍ ቅዱሱም በብዙዎቻችን ቤት በነጠላ ተጠቅልሎ ትራስጌ ነው የሚያድረው፤ ልጆች ሲገለጥ የሚያዩት ስንት ቀን ነው? ማታ ከእራት በኋላ አንድ ምዕራፍ፣ አንዱን ቁጥር እርስዎ፣ ቀጣዩን እሱ እያላችሁ ሞክሩት። ስልኩ ላይ አውጥቶ ቢያነብም ይተዉት፤ ቃሉ ያው ቃል ነው። ያልገባዎትንም «እኔም አልገባኝም፣ እሑድ አባቶችን እንጠይቅ» ይበሉት። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ፊልጶስን የለመነው ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ናቸው የቀሩት። የየደብሩ ሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ሥራ አመራሮች የየሰንበቱን ምንባብ ከረቡዕ ጀምሮ በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ቻናላቸው ቢያወጡ፣ ከመዝሙር ጥናቱም ላይ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ቢቆርጡልን እለምናለሁ። የእርስዎ ጋዜጣም በቅዳሜ እትሙ ከአንዱ ገጽ ጥግ ላይ የእሑዱን ወንጌል ምዕራፍ ቢያትምልን ብዙ ልጆች ዘንድ ይደርሳል። ቦታ አይፈጅም፤ ለመነሻ ያህል ከጾሙ ሰንበታት እነሆ፦ ዘወረደ ዮሐንስ 3፣ ቅድስት ማቴዎስ 6፣ ምኩራብ ዮሐንስ 2፣ መፃጉዕ ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25። የቀሩትን ከነምስባካቸው ከደብራችን መምህር ጋር አመሳክሬ እልካለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት
ከደሴ